«ሰው ምን ይለኛል»ን በር ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ

እንዴት አመሻችሁ የደብረ ብርሃን ልጆች! በዚህ ብርድ ጋቢ ደርባችሁ ያልታወቀ ሰው ግጥም ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ድፍረት ነው፣ ክበሩልኝ።

ዛሬ ስለ አንድ ያገራችን ሰው ላውራ። ተክለሐዋርያት ተክለማርያምን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቃቸው ነው አይደል? እኚሁ የሰሜን ሸዋ፣ የሰያደብር ሰው ራሺያ ሄደው መድፈኝነት ተምረው መጥተው ምን ቢጽፉ ጥሩ ነው? የአውሬዎች ቲያትር! «ፋቡላ» ይባላል፣ 1913 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ ከሳቸው በፊት በአማርኛ እንዲህ ያለ ተውኔት ጽፎ ያሳየ ስለሌለ በአማርኛ የሚኮርጁት ተውኔት እንኳን አልነበራቸውም። እንስሳ እያናገሩ ባለሥልጣኑን ሸነቆጡት። ታገደ። ይሄን የማነሳው «ድፈሩ ሁሉም ያምራል» ልላችሁ አይደለም፣ ሁሉም አያምርም።

የሳቸው ፍርሀት ቢኖር ቤተ መንግሥት ነው፣ የኛስ? አክስቴ ፌስቡክ ላይ ታየዋለች፣ የሰፈር ሰው እኔን ነው የጻፈችው ይለኛል፣ ሰምና ወርቅ ስለሌለው ግጥም አይደለም ይሉኛል ምናምን። ደሞ የሰሜን ሸዋ ልጅ ከሆንክ ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት ጻፍ፣ ስለ መንዝ ጀግና ጻፍ፣ ትንሽ ቀረርቶ ብታስገባበት ደግ ነው ትባላለህ። አንኮበርን እወዳለሁ፣ በሱ አትምጡብኝ! ግን ጣርማ በር ጉም ውስጥ መኪናው የቆመበት የአይሱዙ ረዳት ምን እያሰበ እንደሚያድር ማን ጻፈልን? ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሌሊት ሺፍት ገብታ ሥራው የሰለቻት፣ ጀግናም ያልሆነች፣ ምስኪንም ያልሆነች፣ ዝም ብላ ነገረኛ የሆነች ሴትስ? እሷን ጽፎ መጨረሻ ላይ ሳይመክሯት መተው እኮ ነው ከባዱ።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፣ ግማሹን ጽፋችሁ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ሰላሳ ሰው የልብ ምልክት ያደርግላችኋል፣ ከዛ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ያችን ልብ የተደረገላትን መስመር መምሰል ይጀምራል፣ ሳታውቁት ታሪኩ ሌላ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። እስኪያልቅ ደብቁት፣ ይበላሽም እንደሆነ እናንተው ጋ ይበላሽ፣ ቋንቋውም እናታችሁ ጋ ስልክ ስታወሩ የምትናገሩት ይሁን እንጂ የዜና አማርኛ አይሁን።

በቃ አልረዝምም፣ ሻዩም እየቀዘቀዘ ነው። ማይኩን መጀመሪያ የምለቀው ያላለቀ ነገር ይዞ ለመጣ ነው፣ ያለቀለት ያላችሁ ከሻይ በኋላ። እሺ፣ ማን ይቅደም?