በቅሎዋ እውነቷን ነው

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋላችሁ። አካም ኦልታን።

ባለጋሪዎች፣ ከዴዶና ከሰቃ ፈረስ ይዛችሁ የወረዳችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፣ ቡና ያፈላችሁልን እናቶች፣ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ያስተዋወቀኝ ልጅ «የፈረስ ባለሙያ» አለኝ። ባለሙያ አይደለሁም። ፈረስ ሳረባ የኖርኩ፣ ብዙ ጊዜም የተሳሳትኩ ሰው ነኝ። አንዱን ስህተቴን ዛሬ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ተረት።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የምንስቅባት አህያ አባቷን ደበቀች ብለን ነው። እኔም ስስቅ ነው የኖርኩት። አሁን ሳስበው ግን በቅሎዋ ምንም አላጠፋችም። ጠያቂዎቿ ናቸው የማይረባ ጥያቄ የጠየቋት። የፈረስ ነገር የገባው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው እናቷን ነው።

ይህን የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዱባይ የፖሎ ፈረሶች ጋጣ ውስጥ ይሠራል። ያጥባል፣ ይቀልባል፣ ኮርቻ ይጭናል። ማታ ማታ በዋትሳፕ ድምፅ ይልክልኛል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እዚህ ፈረስ ሊገዙ ሲመጡ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ?» አለኝ። ጥርሷን ይሆናል አልኩት። እግሯን፣ ዋጋዋን። «አይደለም፤ የእናቷን ስም ነው» አለኝ። ቀጥሎ የአያቷን። ዘሩን በእናት በኩል እየቆጠሩ አምስት ስድስት ትውልድ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ልክ እኛ አባት ከአባት እንደምንቆጥረው።

ፖሎን ላላያችሁ፣ የገና ጨዋታን በፈረስ ላይ አስቡት። በአንድ ወገን አራት ሰው ነው። ሜዳው ርዝመቱ 275 ሜትር፣ ወርዱ 180 ሜትር ገደማ ነው። ስድስት ሰባት የእግር ኳስ ሜዳ ይውጣል። ጨዋታው ቹካ በሚሉት ክፍል ይከፈላል፤ አንዱ ቹካ 7 ደቂቃ ገደማ ነው። ቹካው ሲያልቅ ተጫዋቹ ወርዶ ሌላ ፈረስ ላይ ይወጣል። 7 ደቂቃ ትንሽ ከመሰላችሁ ፈረሷ በዚያ ጊዜ የምትሠራውን ተመልከቱ። በሽምጥ ትሄዳለች፣ ድንገት ትቆማለች፣ በቆመችበት ትዞራለች፣ ከሌላ ፈረስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ትጋፋለች። ጆሮዋ ሥር ዱላ እየተወነጨፈ አትደነግጥም።

«ፈረሷ» «ትዞራለች» የምለው አውቄ ነው። ከፖሎ ፈረሶች አብዛኞቹ ባዝራዎች ናቸው። ተጫዋቾቹ ባዝራ ቶሎ ይገባታል፣ ልቧን ትሰጣለች ይላሉ። እዚህ ላይ ትልቅ ነገር አለ። የምትወልደው ራሷ ሜዳ ላይ ትፈተናለች። ፍጥነቷም፣ ጠባይዋም፣ ፍርሃቷም በሰው ፊት ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው «ከዚህች እናስወልድ» የሚባለው። እኛ ጋ ተቃራኒው ነው። ጋሪ የሚጎትተው አብዛኛው ወንድ ነው። ጉግስ የሚሮጠውም ወንዱ ነው። ባዝራዋ መስክ ላይ ውላ ትገባለች። ምን እንደምትችል ማን ያውቃል? እሷም አታውቅ።

ነገሩ የፖሎ ሰዎች ፈጠራ አይደለም። ዘላን አረቦች የፈረሳቸውን ወገን የሚቆጥሩት ከጥንት ጀምሮ በእናት ነው። ድንጉላው ከየትኛውም ወገን ይምጣ፣ ውርንጭላዋ የምትጠራው በእናቷ ወገን ነው። አል ኸምሳ ስለሚባሉት አምስት ባዝራዎች ከአባቶቻችን የሰማን አንጠፋም። ተጠምተው ወደ ውሃ ሲለቀቁ ጥሪ ሰምተው ሳይጠጡ የተመለሱት አምስቱ ናቸው። አፈ ታሪክ ነው። ግን ተረቱ እንኳ የመረጠው አምስት ድንጉላ አይደለም።

እንግሊዞች ደግሞ ቶሮብሬድ የሚሉት የእሽቅድምድም ፈረስ አላቸው። ስለ እሱ ሲወራ ከምሥራቅ የመጡት ሦስት ድንጉላዎች ስም ነው የሚነሳው። የዘር መዝገባቸው የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1793 ወጣ። መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ብሩስ ሎው የሚባል አውስትራሊያዊ መዝገቡን ይዞ እናት ከእናት እየተከተለ ወደ ኋላ ሄደ። 43 ቤተሰብ አገኘ። ደርቢ፣ ኦክስና ሴንት ሌጀር በሚባሉት ውድድሮች ላይ ብዙ አሸናፊ ላፈራው ቤት 1 ቁጥር ሰጠ፤ ሌሎቹን በየተራቸው። የ1 ቁጥር ቤት መነሻ ባዝራ በመዝገቡ ላይ ምን ተብላ እንደተጻፈች ታውቃላችሁ? ባርብ። ባርብ የሰሜን አፍሪካ ፈረስ ነው። ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሎው ከቁጥሩ አልፎ «ይህ ቤት ሯጭ ይወልዳል፣ ያ ቤት አባት የሚሆን ድንጉላ ይወልዳል» የሚል ነገር ጨመረበት። ያንን ዛሬ ብዙ ሰው አይቀበለውም። ቁጥሩ ግን እስካሁን ይሠራበታል። የዲኤንኤ ምርመራ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዱ መዝገብ ከደሙ ጋር አልገጠመም። ጽሕፈት የሰው ሥራ ነው።

ተማሪዎቹ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። «ውርንጭላው ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት አይደለም ወይ የሚወስደው?» ነው። ልክ ናችሁ። ግን እናት ትርፍ አላት። ሴል ውስጥ ጉልበት የሚሠራው ሚቶኮንድሪያ የሚመጣው ከእናት ብቻ ነው። 11 ወር በሆዷ ትሸከመዋለች። ከተወለደ በኋላም አብሯት ይውላል። እናቲቱ ባጃጅ ሲያልፍ ከበረገገች እሱም ይበረግጋል። ዝም ብላ ከጋጠች እሱም ይግጣል። ድንጉላው በዚያን ጊዜ የት እንዳለ አይታወቅም።

አሁን ራሴን ልቃወም። ከ10 ትውልድ በፊት የነበረች አንዲት ባዝራ ለዛሬዋ ፈረስ ከ1,024 ቅድመ አያቶች አንዷ ናት። ሚቶኮንድሪያውን ከተውነው የደሟ ድርሻ ከሺህ አንድ ገደማ ቢሆን ነው። ታዲያ «የእከሊት ዘር» ማለት ምን ዋጋ አለው? በአያቲቱ ብቻ ከሆነ ምንም ዋጋ የለውም። ቤት የሚሆነው ልጅቱም ተፈትና ስታልፍ፣ የልጅ ልጅቱም ስታልፍ ነው። ያላለፈችው እንድትወልድ አትደረግም። አርጀንቲናዎች ክሪዮሎ የሚባለውን ጠንካራ የአገራቸውን ባዝራ ከቶሮብሬድ ድንጉላ ጋር አዳቀሉ። ከሚወለዱት እየመረጡ እንደገና አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የፖሎ ፈረስ አርቢዎቹ ማኅበር አቋቁመው ነገሩን በመዝገብ ያዙት። የድካሙ ትልቁ ክፍል ማዳቀሉ አይመስለኝም። እየለዩ ማስቀረቱ ነው።

አንድ ችግር ግን ነበረባቸው። ጎበዝ ባዝራ ወይ ትጫወታለች ወይ ትወልዳለች። ሁለቱን ባንድ ዓመት አትችልም። መላ አገኙ። ባዝራዋን ያስጠቃሉ፤ ዕንቁላሏ ከወረደ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ፅንሱን አጥበው ያወጡና ሌላ ባዝራ ማህፀን ውስጥ ያኖሩታል። እሷ ተሸክማ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ጎበዟ ጨዋታዋን ትቀጥላለች። ባንድ ዓመት ከአንድ በላይ ልጅም ሊኖራት ይችላል። ቶሮብሬዶች ይህን በሕግ ከልክለዋል፤ ፖሎ ፈቅዷል።

ከዚያም አልፈው ሄዱ። አዶልፎ ካምቢያሶ የሚባል ታላቅ ተጫዋች ኳርቴቴራ የምትባል ባዝራ ነበረችው። ልጆቿ አልበቁትም። ክሎን አስደረጋት፤ ከራሷ ሴል ተወስዶ ልክ እሷን የመሰለች ፈረስ ተሠራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቦነስ አይረስ፣ ፓሌርሞ ሜዳ ላይ በተደረገው የአርጀንቲና ኦፕን ፍጻሜ በስድስት የኳርቴቴራ ክሎኖች ላይ እየተቀያየረ ተጫውቶ ቡድኑ ዋንጫውን ወሰደ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ «አንተ ሰክረሃል» አልኩት። እውነት ነው። ደግሞ እዩልኝ፣ ክሎኑ የሚሠራው በሌላ ባዝራ ዕንቁላል ስለሆነ ሚቶኮንድሪያው የኳርቴቴራ አይደለም። ያን ያህል ገንዘብ ፈስሶ እንኳ የሌላ እናት እጅ ገባበት።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ጅማ፣ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመላቸው ንጉሥ በምን ይጠራሉ? በፈረስ ስም። አባ ጅፋር ነው የሚባሉት፤ ጅፋር ፈረስ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። የፈረስ ስም ለሰው ማዕረግ የሆነበት አገር ነው ያለን። የጅፋር እናት ግን ማን ነበረች? የዳኘውስ? ማንም አልያዘውም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ሳይዋጉ ገብረው ጅማን ከጥፋት ያተረፉት በእናታቸው በገኔ ጉሚቲ ምክር እንደሆነ ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። የንጉሡን እናት አስታውሰናል። የፈረሱን እናት ረስተናል።

አሁን ስህተቴ። አባቴ አንዲት ባዝራ ነበረችው። ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ቦራ እንላታለን። በክረምት አዌቱን ስትሻገር የፊት ግራ እግሯን አስቀድማ ጭቃውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች። ከያዘላት ትገባለች። ካልያዘላት ብትገርፋትም ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን አባቴ ተናዶ ገረፋት፤ እሷ ቆመች፤ ከኋላችን የመጣ ሰው ቀድሞን ገብቶ በቅሎው እስከ ደረቷ ሰጠመች። ከዚያ ወዲያ አባቴ ጅራፍ አላነሳባትም። የመጀመሪያ ልጇን ለአንድ የዴዶ ገበሬ ሸጥናት።

አባቴ ሲሞት ቦራ ለእኔ ደረሰች። በቅሎ ውድ ነው። ከፈረስ ይበልጣል፤ ታውቁታላችሁ። እኔም ቦራን በየጊዜው በአህያ አስጠቃኋት። ሦስት በቅሎ ወለደችልኝ። ሸጥኩና ቤቴን ቆርቆሮ አለበስኩ። በቅሎ አትወልድም። ፈረስ 64 ክሮሞሶም፣ ማለት የዘር ተሸካሚ ክር፣ አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ መሃል ላይ 63 ይዛ ትቀራለች። እኔ ይህን ቁጥር አላውቅም ነበር፤ መካን መሆኗን ግን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ቦራ አርጅታ ሞተች። ቆርቆሮው አሁንም አለ፣ ዝጓል። ከእጄ ግን የቦራ ዘር የለም።

በቅሎ አልጠላም። ዛሬም በቅሎ የሚያረባ ሰው አይሳሳትም። ችግሩ ለአህያ የምንመርጠው ደህናዋን ባዝራ መሆኑ ነው። ትልቋን፣ ጠንካራዋን፣ ጠባይዋ ያማረውን። ለፈረስ የምትቀረው ደካማዋ ናት። ይህን ትውልድ በትውልድ ስናደርገው ኖረን «የድሮ ፈረስ የት ሄደ?» እንላለን። ደህና ባዝራ ያላችሁ ሰዎች፣ ቢያንስ ሁለቴ ለጥሩ ድንጉላ ስጧት። ሴት ልጅ እስክትወልድ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ በቅሎዋን አስወልዱ። ባዝራዋንም አሠሯት፣ ጫኑባት፣ ሩጫ አስገቧት። ምን እንደሆነች ትታይ።

ጻፉም። የልጄ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ የጀመርኩት ይሄው፣ አዙራችሁ እዩት። መልኳ፣ ነጯ የት እንዳለ፣ እናቷ ማን እንደሆነች፣ መቼ በማን እንደተጠቃች፣ ምን ያስፈራታል። አንድ ገጽ ለአንድ ባዝራ። ብዕሩ ሲያልቅ በእርሳስ ቀጥያለሁ።

ለምን እንደጀመርኩት ልንገራችሁና ልውረድ። ከሁለት ዓመት በፊት ዴዶ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ አንድ ልጅ ባዝራ ይዞ ወንዝ ሲያሻግር አየሁ። የፊት ግራ እግሯን አስቀድማ ጭቃውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች። ቆሜ ቀረሁ። ልጁን የማን ዘር ናት ብዬ ጠየቅሁት። አባትዋን ነገረኝ። እናትዋን አያውቅም።

ገዛኋት። ውጭ ግራሩ ሥር የታሰረችው እሷ ናት። የቦራ የልጅ ልጅ ትሁን፣ አትሁን፣ እርግጠኛ አይደለሁም። አባቴ ግን ቦራ ስትሞት ከጅራቷ የተሠራ ጭራ... ይቅርታ፣ አባቴ ቀድሞ ነው የሞተው፤ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ይሄው በእጄ ያለው ጭራ ነው። የእህቴ ልጅ እንደሚለው ሥሩ የሌለ ፀጉር እንኳ የእናት ዘር ይነበብበታል። የጭራው ከዚህችኛዋ ጋር ካልገጠመ የቦራ ዘር አይደለችም ማለት ነው። ከገጠመ ከዚያ ቤት ልትሆን ትችላለች።

ተማሪዎች፣ ይህን መመርመር የሚችል ካላችሁ ጭራውን እሰጣለሁ። ትንሽ ፀጉር ብቻ ውሰዱና ቀሪውን መልሱልኝ፤ ዝንብ እከላከልበታለሁ።