አባት ያቋቋመው ባንድ

ዳዊት፦ ዛሬ የምናወራው ሻግስ ስለሚባለው የሙዚቃ ባንድ ነው። ሦስት እህትማማቾች ናቸው፣ አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ፍሪሞንት የምትባል ትንሽ ከተማ...

ሰላም፦ ቆይ ዳዊትዬ፣ መጀመሪያ ስለ አባዬ ላውራ።

ዳዊት፦ ጀመርሽ!

ሰላም፦ እውነቴን ነው። አባዬ ክራር ነፍሱ ነበር። እሑድ እንግዳ ሲመጣ፣ ቡናው እየተፈላ፣ እኔንና እህቶቼን አሰልፎ ያዘፍነናል። ትንሿ አፍራ መጋረጃ ውስጥ ትገባለች። እሱ ግን ዓይኑ እንባ ያቀራል።

ዳዊት፦ ድምፃችሁ ያምር ነበር?

ሰላም፦ ኧረ የለም! እሱ ሌላ ነገር ነበር የሚሰማው። ለዚህ ነው የሻግሶቹ አባት፣ የኦስቲን ዊጊን ታሪክ እንቅልፍ የነሳኝ። ልጅ እያለ እናቱ መዳፉን አይታ፣ "ፀጉሯ ቀላ ያለ ሴት ታገባለህ፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ ሁለት ወንዶች ትወልዳለህ፣ ሴት ልጆችህ ዝነኛ ባንድ ይሆናሉ" አለችው። ሁለቱ ደረሱ። ሦስተኛውን ራሱ ሊያደርሰው ተነሳ።

ዳዊት፦ ከትምህርት ቤት አስወጣቸው አይደል?

ሰላም፦ አስወጣቸው። ዶት፣ ቤቲና ሄለን ቤት ተቀምጠው በየቀኑ ልምምድ። ቅዳሜ ማታ የከተማው አዳራሽ። ሰውየው የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ጊታሩ፣ ድራሙ፣ ስቱዲዮው ሁሉ ከሱ ኪስ ነው። በ1969 አልበማቸውን ቀረፁ።

ዳዊት፦ እኔ ጭካኔ ነው የምለው።

ሰላም፦ ፍቅርም አለበት እኮ።

ዳዊት፦ ምን ፍቅር? ሄለን ተደብቃ አግብታ፣ አባቷን ፈርታ ሦስት ወር እዚያው ቤት ኖረች! የነገረችው ቀን ጠመንጃ አንስቶ ባሏን ፍለጋ ወጣ።

ሰላም፦ እሱን አልከላከልለትም። ግን...

ዳዊት፦ ግን የለውም።

ሰላም፦ እሺ፣ ግማሹን ለቅቄልሃለሁ። ግን ያ ሰው የልጆቹን ድምፅ ከማንም በፊት አምኖበታል። አባዬም እንደዚያው ነበር።

ዳዊት፦ አባትሽ ጠመንጃ አላነሱም።

ሰላም፦ አላነሳም። እሱ ልክ ነህ።

ዳዊት፦ መጨረሻቸውስ? ሰው እሱን ይጠብቃል።

ሰላም፦ በ1975 አባትየው በልብ ሕመም ሞተ። ባንዱ ያኔውኑ ቆመ። አብዛኛውን ዕቃ ሸጡት። አልበሙ በ1980 እንደገና ሲታተም ነው ዓለም ያወቃቸው።

ዳዊት፦ ሸጡት?

ሰላም፦ ሸጡት። የአባዬ ክራር ግን እስካሁን ግድግዳው ላይ ነው። ባለፈው ፋሲካ አወረድኩት። "እስቲ ምቺው" ያለችኝ ማን መሰለህ? ያቺ መጋረጃ ውስጥ የምትደበቀው።