መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ከዛ ሰንጢውን

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስለዚህ ሳልቸኩል በጣም ስለምወደው ነገር ላወራ ነው፣ ስለ ሰንጢ። ኪስ ውስጥ ስለሚገባው፣ ስለሚታጠፈው ቢላ። በተለይ ደግሞ «ጥሩ ጥሩ ሰንጢ መሰብሰብ እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት ልነሳ» ለሚል ሰው ነው የማወራው።

ይሄን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የሰንጢ ስም ነው፣ ይሄን ግዛ፣ ያንን ተው እንዲባል። ስሙንም እነግራችኋለሁ ግን ከዛ በፊት በጣም የማምንበት ነገር አለ፣ መጀመሪያ መሳል ልመዱ። ሁለተኛውን ሰንጢ ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ራሳችሁ ሳሉት። ምክንያቱም የትኛውም ሰንጢ፣ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ስለት ማለቁ አይቀርም፣ ካርቶን ስትቆርጡበት ገመድ ስትቆርጡበት አንድ ቀን ይዶለዱማል፣ እና መሳል የማይችል ሰው ያን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይከተውና ሌላ ይገዛል፣ ያኛውም ይዶለዱማል፣ ከዛ ሌላ። መሳል የሚችል ሰው ግን ብረቱን በእጁ ነው የሚያውቀው፣ ይሄ ለስላሳ ነው፣ ይሄ ግትር ነው፣ ይሄ ቀጭን ነው ይላል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚፈልግም ማስታወቂያ ሳይሆን እጁ ይነግረዋል። ለኔ ሰብሳቢ ማለት እሱ ነው።

እሺ፣ የመጀመሪያው ሰንጢ። ሁሌ የምጠራቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ኦፒኔል ነው፣ ቁጥር 8፣ ካርቦን ስቲሉ፣ ማለትም ከማይዝገው ሳይሆን ከሚዝገው ብረት የተሰራው። እ.ኤ.አ. በ1890 ፈረንሳይ ሳቮዋ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል ገና 18 ዓመቱ የሆነ ልጅ የሰራው ነው፣ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው እንግዲህ። እስካሁን መልኩ ብዙም አልተቀየረም፣ ክብ የእንጨት እጀታ፣ 8.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ስለት፣ ስለቱን የሚያያይዝ ፒን፣ አለቀ። በ1955 ስለቱ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚዞር የብረት ቀለበት ተጨመረለት። እንጨቱ ውሃ ከነካው ያብጥና ስለቱ አልከፈትም ይላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፣ ይሄን አውቃችሁ ግዙት። ሁለተኛው የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ነው። ካርል ኤልስነር ወርክሾፑን የከፈተው በ1884 ነው፣ በ1891 ለስዊዝ ጦር ማቅረብ ጀመረ፣ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው የመኮንኖች የሚባለው ደግሞ በ1897 መጣ።

ለምን እነዚህን አልኩ? አንደኛ ስለታቸው ቀጭን ነው፣ ቀጭን ነገር ደግሞ ይቆርጣል፣ ቀላል ነው። ሁለተኛ ብረታቸው የመሳያ ድንጋይ ይሰማል፣ ማለትም በቀላሉ ይሳላል። የቪክቶሪኖክሱ ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ 56 ገደማ ነው፣ ብዙ ዘመናዊ ሰንጢዎች ከ58 እስከ 62 ናቸው፣ እና ሰዎች 56 ሲባል «አይ ይሄማ ቶሎ ይዶለዱማል» ይላሉ፣ እውነት ነው ቶሎ ይዶለዱማል፣ ግን ለተማሪ እኮ ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ትስላላችሁ፣ ሲሳልም ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እጃችሁ የሚለምደው በዚህ ነው።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆያለን። ለመጀመር አንድ ድንጋይ ይበቃችኋል፣ ቁጥሩ 1000 የሆነ። ቁጥሩ የሚነግራችሁ የድንጋዩን አሸዋ ደቃቅነት ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር እየላመ ይሄዳል። አፉ ለተሸራረፈ ቢላ 400 ወይ ከዛ በታች ያስፈልጋል፣ ማለስለሻው ከ3000 ወደላይ ነው፣ እነሱ በኋላ ይመጣሉ። የውሃ ድንጋይ አለ፣ ዳይመንድ የተለበጠ የብረት ሰሌዳ አለ፣ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የተፈጥሮ ድንጋይም አለ፣ የአሜሪካው አርካንሳስ፣ የቤልጂየሙ ኮቲኩል፣ እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ፍቅር ናቸው፣ አንድ ቀን ስለነሱ ብቻ አወራለሁ። የውሃ ድንጋይ ከሆነ እየሳላችሁ በሄዳችሁ ቁጥር መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ስለዚህ በእርሳስ መስመር መስመር አስምሩበትና ዳይመንድ ሰሌዳ ላይ ወይ መስታወት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ላይ እሹት፣ መስመሩ ሁሉ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል ማለት ነው።

አሁን አንግል፣ ስለቱ ድንጋዩ ላይ የሚያጋድልበት ማለት ነው። ለሰንጢ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው የሚባለው፣ ግን 15 ዲግሪን ማነው በአይኑ የሚለካው? መላው እንዲህ ነው፣ ስለቱ ከአፉ እስከ ጀርባው 2 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ፣ ጀርባው ከድንጋዩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል 15 ዲግሪ አካባቢ ናችሁ፣ 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን 20 ዲግሪ። ግን ከቁጥሩ በላይ ዋናው ነገር የያዛችሁትን አንግል አለመልቀቅ ነው፣ 17 ይሁን 19 ቢላው ግድ የለውም፣ አንዴ 15 አንዴ 25 ካደረጋችሁት ግን አፉ ይድቦለቦላል እንጂ አይሳልም። ለዚህ ደግሞ በጣም የምወደው ዘዴ ማርከር ነው፣ የቢላውን አፍ ዳር በጥቁር ማርከር ትቀቡና ሁለት ሶስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ ትስባላችሁ፣ ከዛ ታያላችሁ፣ ቀለሙ የለቀቀው ከላይ በኩል ብቻ ከሆነ ጀርባውን በጣም ዝቅ አድርጋችኋል፣ ጫፉ ጫፉ ብቻ ከለቀቀ በጣም ከፍ አድርጋችኋል፣ እኩል ከጠፋ ልክ ናችሁ። ማንም አጠገባችሁ ቆሞ ባያሳያችሁ ማርከሩ ያሳያችኋል። ወደ ሹሉ ጫፍ ስትደርሱ ስለቱ ስለሚጎብጥ እጀታውን ትንሽ ቀና አድርጉት፣ አለበለዚያ ጫፉ ሳይነካ ይቀራል።

እና ቡር። ከዛሬው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ። አንዱን ጎን ስትስሉ ብረቱ አፉ ላይ እስኪያልቅ ድረስ ሲበላ፣ በሌላኛው ጎን በኩል በአይን የማትታይ ቀጭን የብረት ሽርፍራፊ ትታጠፋለች፣ ቡር የምንላት እሷን ነው። በአውራ ጣታችሁ ከጀርባው ወደ አፉ አቅጣጫ፣ ወደ ውጪ፣ በቀስታ ስታልፉ ትሻክራለች (በአፉ ርዝመት መሄድ የለም፣ እሱ ይቆርጣችኋል)። ቡር ወጣች ማለት እስከ ጫፉ ደርሳችኋል ማለት ነው። ከእጀታው ስር እስከ ሹሉ ድረስ በሙሉ ካልተሰማቻችሁ ወደ ሌላው ጎን አትዙሩ፣ ብዙ ሰው «ስዬው ስዬው አልሳል አለኝ» የሚለው እዚህ ጋ ቸኩሎ ነው፣ ድንጋዩም ብረቱም ምንም አልሆኑም። ሁለቱም ጎን ቡር ካወጣ በኋላ ደግሞ ስራው ቡሯን ማጥፋት ነው፣ ጫናውን እየቀነሳችሁ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዛ፣ መጨረሻ ላይ የቢላው ክብደት ብቻ እስኪቀር። ቡሯ ካልጠፋች ቢላው ለጊዜው ስል ይመስልና ትንሽ እንደቆረጠ ትታጠፋለች፣ ያኔ ብረቱን ትሰድባላችሁ።

ከዛ ቆዳ። እንጨት ላይ የተለጠፈ ቆዳ፣ አረንጓዴውን የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅባት ትቀቡትና ቢላውን በጀርባው በኩል እየመራችሁ፣ ማለትም አፉ ከኋላ እየተከተለ፣ ትስባላችሁ። ሳትጫኑ። ቆዳ ይለምጣል፣ ከተጫናችሁት አፉ ላይ ይጠቀለልና ያንን ሁሉ የደከማችሁበትን መልሶ ያዶለዱመዋል። ስል መሆኑን ለማወቅ ወረቀት በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ ቁረጡ፣ ካልተያዘና ካልቀደደ ጥሩ ነው። ሌላው ደግሞ መብራት ስር አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ማየት ነው፣ የዶለዶመ ቦታ ብርሃን ይመልሳል፣ ነጭ ነጥብ ወይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ስል አፍ ግን ምንም አይታይም።

በሞተር የሚዞር የመሳያ ድንጋይ ግን እባካችሁ ተዉት። አፉ በጣም ቀጭን ስለሆነ ባንዴ ይግላል፣ ብዙ ካርቦን ስቲሎች ከተጠነከሩ በኋላ የሚረጋጉት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ከዛ በጣም ካለፈ ጥንካሬው ይሄዳል፣ ወደ ሰማያዊ የተቀየረ አፍ ካያችሁ ያ ቦታ ለስልሷል፣ ያንን ብረት ጨርሶ ከማንሳት ሌላ መድሃኒት የለውም። ጎትታችሁ የምታሳልፉት ባለ ሁለት ጥርስ የፕላስቲክ መሳያም እንደዛው፣ አይስልም፣ ብረት ይልጣል።

ይሄን ከለመዳችሁ በኋላ የስቲል ወሬ ትርጉም ይኖረዋል። ኦንላይን ስለ ስቲል የሚባለው ነገር አያልቅም፣ ብዙውም የሚወራው ስለት በመቆየቱ ብቻ ነው። ለምሳሌ ኤስ30ቪ፣ ክሩሲብል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2001 ለቢላ ብሎ ያወጣው በዱቄት ዘዴ፣ ማለትም ብረቱ መጀመሪያ ዱቄት ተደርጎ የሚሰራ ስቲል ነው፣ 1.45 ፐርሰንት ካርቦን፣ 14 ፐርሰንት ክሮሚየም፣ 4 ፐርሰንት ቫናዲየም አለው። ቫናዲየሙ ከካርቦኑ ጋር ተዋህዶ የሚሰራቸው ጠጣር ቅንጣቶች በተለመደው የውሃ ድንጋይ ውስጥ ካለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይጠነክራሉ፣ ስለዚህ ነው ረጅም ጊዜ የሚቆርጠው፣ ስለዚህም ነው ሲዶለዱም ዳይመንድ የሚፈልገው። ጥቅሙም ጣጣውም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። የካርቦን ስቲሉ ኦፒኔል ደግሞ ይዝጋል፣ ካልተጠረገ በቶሎ ይዝጋል፣ ግን በትንሽ ድካም ምላጭ ይሆናል፣ ከጊዜ ብዛት የሚይዘው ፓቲና የሚባለው ግራጫ ሰማያዊ ሽፋንም የኔ የምትሉት ያደርገዋል። እኔ በግሌ ከስቲሉ ስም ይልቅ የስለቱን ውፍረት ነው መጀመሪያ የማየው፣ አፉ አካባቢ የወፈረ ቢላ ምንም አይነት ስቲል ይሁን ካርቶን ውስጥ ይፈነቅላል እንጂ አይቆርጥም።

እሺ መሰብሰቡ። አንድ ክር ያዙ ነው የምለው። ሁሉንም ደስ ያለንን መግዛት ይቻላል፣ ግን ክር ያለው ነገር ያስተምራል። አንድ ሰው የማጠፊያውን ዘዴ ታሪክ ሊከተል ይችላል፣ ሎክ (የተከፈተውን ስለት የሚቆልፍ ነገር) የሌለው በጀርባው ሞላ ብቻ የሚቆመው የድሮው አይነት፣ ከዛ የጃፓኑ ሂጎኖካሚ ሞላም ሎክም የለውም፣ ከታጠፈ የነሐስ ቆርቆሮ የተሰራ እጀታና በአውራ ጣት የሚያዝ ምላስ ነው ያለው፣ ከዛ በ1960ዎቹ የጀርባ ሎክን ዝነኛ ያደረገው የአሜሪካው በክ 110፣ ከዛ በ1981 ስፓይደርኮ የሚባለው ኩባንያ ኪስ ላይ የሚሰካ ክሊፕና በአንድ እጅ የሚከፈትበት ክብ ቀዳዳ ይዞ መጣ፣ ዛሬ ብዙ ዘመናዊ ሰንጢዎች ክሊፕ ያላቸው ከዛ ወዲህ ነው። ሌላው ደግሞ አንድ ፋብሪካ ሊከተል ይችላል። የአሜሪካው ኬስ ከ1970 ጀምሮ ስለቱ ስር ላይ አስር ነጥብ ያትም ነበር፣ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ፣ ስለዚህ ሰባት ነጥብ ካያችሁ 1973 ነው፣ እንዲህ አይነቱን ምልክት ማንበብ ሲጀመር አሮጌ ሰንጢ ዝም አይልም። ላጊዮል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ስሙ የአንድ ፋብሪካ ስም አይደለም፣ ሞላው ላይ ያለችው የንብ ምስልም ብቻዋን ማረጋገጫ አይደለችም፣ የሰሪውን ስም ፈልጉ።

እጃችሁ ሲገባ ክፈቱት፣ ስለቱን ግራ ቀኝ ነቅንቁት፣ መወዛወዝ የለበትም። ስትዘጉት መሃል ላይ ይተኛል ወይስ ጎኑን ይፋቃል? ሞላው ሲከፈትም ሲዘጋም ጧ ይላል ወይስ ይልፈሰፈሳል? አሮጌ ከሆነ ደግሞ ስለቱ ከድሮው ቅርጹ ምን ያህል እንደተበላ እዩ፣ በመጥፎ መሳል የከሳ ስለት ብዙ አለ። እና አንድ ልመና፣ ተስሎ የማያውቅ አሮጌ ሰንጢ ካገኛችሁ አትሳሉት፣ ፓቲናውንም በማጽጃ አትፈግፍጉት። መሳል የሚማሩበት ሌላ አለ፣ ያ እንደዛው ይቆይ።

አያያዙ ብዙ አይደለም። ከተጠቀማችሁ በኋላ ጥረጉት፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ሚኒራል ዘይት፣ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡትን ደግሞ ከቆዳ ሰገባው አውጥታችሁ አስቀምጡ፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳው የለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። ሕጉን ደግሞ ባላችሁበት ቦታ አጣሩ፣ ይለያያል። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ምክንያት ይዛችሁ መዞር የምትችሉት የሚታጠፍ፣ ሎክ የሌለው፣ አፉ ከ3 ኢንች ያልበለጠውን ብቻ ነው። አውሮፕላን ስትሳፈሩም ከኪሳችሁ አውጥታችሁ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።

በሚቀጥለው ክፍል መጋዝ የሚመስለውን ጥርስ ያለውን ስለት እንዴት እንደሚሳል አወራለሁ፣ እሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ አይሆነውም፣ ዘንግ ነው የሚፈልገው። እስከዛ ማርከርና አንድ 1000 ድንጋይ ያላችሁ ሰዎች ጀምሩ። ቻው ቻው።