የተረሳው ሕግና የእኛ ምግብ ቤቶች

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ። ሰኞ ለአብዛኞቻችሁ ብቸኛዋ የእረፍት ቀን እንደሆነች አውቃለሁ። እሷን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የሒሳብ ሪፖርቱ፣ የኦዲተሩ ቃልና ምርጫው በየተራቸው ይቀርባሉ። ስለ ኪራይና ስለ ጤፍ ዋጋ ከሰዓት በኋላ በሰፊው እንነጋገራለን። እኔ ግን ይህችን የመክፈቻ ሰዓት ለሌላ ጉዳይ ፈልጌያታለሁ። እንጀራችንን የምንበላባት ይህች ዋሽንግተን ከተማ፣ ጥቁር ሰው ምግብ ቤት ገብቶ እንዳይበላ ትከለክል ነበር። ክልከላው እንዴት እንደቀረ ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ14ኛው መንገድ ቁጥር 725 ላይ፣ ከዋይት ሐውስ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ፣ ቶምሰን የሚባል ካፍቴሪያ ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1950 አንዲት የ86 ዓመት እናት ከጓደኞቻቸው ጋር ገቡ። ወይዘሮ ሜሪ ቸርች ቴሬል ይባላሉ። ከጓደኞቻቸው አንዱ ነጭ ነበር። እንደማንኛውም ደንበኛ ምግብ ሊያነሡ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ጥቁሮችን አናስተናግድም አላቸው። ወጡና ቃላቸውን ለሕግ ሰጡ። ሲጀመርም የገቡት ለዚሁ ነበር። ከተማዋም የካፍቴሪያውን ባለቤት ድርጅት ከሰሰች።

በምን ሕግ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። በ1872 እና በ1873 የዋሽንግተን ምክር ቤት ሁለት ሕጎች አውጥቶ ነበር። ምግብ ቤት፣ ሆቴል፣ አይስክሬም ቤት፣ ፀጉር ቤት ያለው ሰው ጨዋ ደንበኛን በቀለሙ ምክንያት መመለስ አይችልም ይላሉ። የመለሰ 100 ዶላር ይቀጣል፤ ፈቃዱንም ለአንድ ዓመት ይነጠቃል። በዚያ ዘመን 100 ዶላር ምን እንደነበር አስቡት። ፈቃድ ለአንድ ዓመት መነጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እነዚህን ሕጎች የሻረ ማንም የለም። ዝም ብለው ተረሱ። የከተማዋ ሕጎች እንደገና ተሰብስበው ሲታተሙ ሳይካተቱ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ነጋዴውም ፖሊሱም ዳኛውም እንደሌሉ ቆጠሯቸው። በ1940ዎቹ የዘር መለያየትን የሚያጠኑ ሰዎች ከአሮጌ መዝገብ አገኟቸው። በ1949 ደግሞ ሕጎቹ ሥራ ላይ እንዲውሉ የሚታገል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ቴሬል ነበሩ።

ስለ እኚህ ሴት ትንሽ ልጨምር። የተወለዱት በ1863 በሜምፊስ ነው። ወላጆቻቸው ሁለቱም በባርነት የኖሩ ናቸው። እሳቸው ግን ኦበርሊን ኮሌጅ ገብተው በ1884 ተመረቁ። የልጅነት ጓደኛቸው ቶማስ ሞስ ደብዳቤ አዳይ ነበር። ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ሜምፊስ ውስጥ ግሮሰሪ ከፈተ። ሱቁ ደንበኛ አፈራ። ያ ደግሞ በሰፈሩ ብቻውን ሲሸጥ ለኖረው ነጭ ነጋዴ አልተዋጠለትም። ጠብ ተነሣ፤ ተኩስም ሆነ፤ ሞስና ባልንጀሮቹ ታሰሩ። ማርች 9 ቀን 1892 ሌሊት ሰዎች ተሰብስበው እስር ቤቱ ገቡ። ሞስንና ሁለት ባልንጀሮቹን አውጥተው ያለ ፍርድ በጥይት ገደሏቸው። ወይዘሮ ቴሬል ከታላቁ የጥቁሮች መብት ታጋይ ከፍሬደሪክ ዳግላስ ጋር ሆነው ፕሬዚዳንት ሃሪሰን ዘንድ ቀረቡ፤ ግድያውን በአደባባይ እንዲያወግዙ ጠየቁ። ፕሬዚዳንቱ አላወገዙም።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግረው ለሱቅና ለምግብ ቤት ባለቤቶች ነው። ጥቁር ሰው ነግዶ ስላተረፈ የተገደለባት አገር ናት ይህች። በዚያ ዘመን ጥቁሮች ላይ የደረሰው ሁሉ በጥላቻ ብቻ የሆነ ይመስለናል። ገበያም ነበረበት። ይህን ሳንይዝ የአሜሪካን ታሪክ አንረዳውም።

የቶምሰን ክስ ሦስት ዓመት ፈጀ። አንዱ ፍርድ ቤት ሕጎቹ ሞተዋል አለ፤ ሌላው የ1873ቱ በሕይወት አለ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ መልሶ ገደላቸው። ኮሚቴው ግን ፍርድ ቤቱን እየጠበቀ አልተቀመጠም። ጥቁሩን ልብስና ዕቃ እየሸጡለት ምሳ መብያው ላይ ግን የማያስቀምጡት ትልልቅ መደብሮች በር ላይ ቆመ። በራሪ ወረቀት በተነ፤ ሰው ከእነሱ እንዳይገዛ ለመነ። ወይዘሮ ቴሬል በዚያ ዕድሜ ምርኩዛቸውን ይዘው ከወጣቶቹ ጋር ይሰለፉ ነበር። ሄክት የተባለው ታዋቂ መደብር በ1952 መጀመሪያ እጅ ሰጠ። በመጨረሻ ጁን 8 ቀን 1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሕጉ ይሠራል ብሎ ወሰነ። ያልተሻረ ሕግ ስለተረሳ ብቻ አይሞትም ማለት ነው። ከቀናት በኋላ ወይዘሮዋ ወደዚያው ካፍቴሪያ ተመለሱ፤ ተስተናገዱም። በዓመቱ፣ በጁላይ 1954፣ በ90 ዓመታቸው አረፉ።

እኛስ የት ነን? እኛ የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያንን በትውልድ አገር የሚለይ አሠራር ያፈረሰው የ1965ቱ ሕግ ነው። የሲቪል መብቶች ሕግ በ1964፣ የመምረጥ መብት ሕግ በኦገስት 1965፣ የኢሚግሬሽኑ ሕግ ደግሞ በኦክቶበር 1965 ተፈረሙ። ሦስቱም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ሰው በዘሩ አይለይ ብለው የታሰሩት፣ የተደበደቡት ጥቁር አሜሪካውያን ባይኖሩ ዛሬ ይህ አዳራሽ ባዶ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያም በፊት ቢሆን ውለታቸው አለብን። ጣልያን ሲወረን በጥቁሮቹ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ እነ ሊዮ ሃንስበሪ የተባሉ የታሪክ መምህር፣ እዚያው ሕክምና ከተማሩት ከእኛው ከዶክተር መላኩ በያን ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ይጮኹ ነበር።

ከዩ ጎዳና አጠገብ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደሉ ቁጣው በ14ኛውና በዩ ማዕዘን ፈነዳ፤ ብዙ ሱቅ ተቃጠለ። ሰፈሩ ለዓመታት አላገገመም። የእኛ ሰዎች በኋላ እዚያ አካባቢ ቤት በርካሽ ያገኙት በዚህ የተነሣ ነው። በ2005 ገደማ 9ኛው መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሣ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ብዙዎቻችን ከፍቶን ነበር። እኔ ግን ተቃውሟቸው ልክ ነበር እላለሁ። ሰፈሩ ከእኛ በፊት ስምም ታሪክም ነበረው።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልናገር። ዓመቱን ሙሉ ለቦርዱ ከደረሱት ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ከአንድ ምግብ ቤት ገብተው ምግቡ ሳይቀርብላቸው «ቅድሚያ ክፈሉ» ተባሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ነጮች አልተጠየቁም። ቤቱ የአባላችን ነው፤ ስሙን አልጠራም። አስተናጋጇ ባለቤቱ ያዘዘውን ነው የፈጸመችው። ልጆቹ ምንም ሳይበሉ ወጡ። ይህ ነገር በጣም አሳፍሮኛል፤ እንቅልፍም ነስቶኛል። በአማርኛ ስናወራ አይሰሙንም ብለን ስለ ጎረቤቶቻችን የምንለውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ይሰሙናል። እነሱ ደግሞ እዚህ አገር ጥቁር ናቸው፤ ፖሊስ ሲያስቆማቸው የጎንደር ልጅ ነህ የደሴ ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ቦርዱ ሁለት ሐሳብ ይዞ ቀርቧል። አንደኛ፣ ቅድሚያ ማስከፈል ካለ ለሁሉም ደንበኛ ይሁን፤ ካልሆነ ለማንም አይሁን። ይህን የጣሰ አባል በማኅበሩ ደንብ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ በየሰፈሩ ኮሚሽን ስብሰባ የምንታየው የመጠጥ ፈቃዳችን አጀንዳ ሲሆን ብቻ ነው። ከእንግዲህ ስለ ነዋሪዎቹ የቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲመከርም ተወካያችን ይገኝ። ሁለቱም በተራ ቁጥር 4 ላይ ስላሉ ተከራከሩባቸው፤ የማትስማሙ ካላችሁም እጃችሁን አውጥታችሁ በግልጽ ተናገሩ።

በዚሁ ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን እገልጻለሁ። ክብርት ጸሐፊያችን ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ እንዲያነቡልን በትሕትና እጋብዛለሁ።