«ሆነ» እና «ይሆናል»፦ የአድማጮች ጥያቄና የመምህሩ መልስ

አድማጭ ከደሴ፦ መምህር፣ የተራኪና የአስረጂ ድርሰት ልዩነት ምንድን ነው?

ተራኪው ምን እንደሆነ ይነግረናል። አስረጂው እንዴትና ለምን እንደሚሆን። «እማማ ቡናውን ቆልተው ሳይወቅጡት እንግዳ ደረሰ» ካልን ታሪክ ተጀመረ፤ ሰሚው «ከዚያስ?» ይላል። «ቡና ሲቆላ እርጥበቱ ይተናል፤ ቀለሙም ይጠቁራል» ካልን ግን እያስረዳን ነው። ግሱን እዩት። «ሆነ» ሌላ፣ «ይሆናል» ሌላ።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ አስረጂ ድርሰት ውስጥ ታሪክ ይገባል?

ይገባል። አጭር ይሁን፤ ሐሳቡን ካሳየ ይበቃዋል።

አድማጭ ከአርባ ምንጭ፦ ለቴሌግራም ግሩፓችን ስለ ወባ ጻፍኩ። ጎረቤቴ ሲሻለው ክኒኑን አቋርጦ ምንም እንዳልሆነ ተረኩ። ሰው ሁሉ ወደደልኝ።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ጽሑፉን ዛሬውኑ አጥፊው። አንቺ የነገርሽን አንድ ሰው የሆነውን ነው። አንባቢው ግን መመሪያ አድርጎ ይወስደዋል። ትኩሳቱ ሲበርድለት የተረፈውን ክኒን ለሌላ ጊዜ ብሎ ያስቀምጣል። ትኩሳት ጠፋ ማለት ግን ጥገኛው፣ ማለትም ወባን የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋሲ፣ ከደም ጠፋ ማለት አይደለም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ከጽሑፍሽ የጎደለው ይሄ «ለምን» ነው።

እስቲ አዙረሽ ጻፊው። ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ የአኖፊለስ ትንኝ ናት ብለሽ ጀምሪ። ጥገኛው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ክኒኑ እስከ መጨረሻው የሚወሰደው ለምን እንደሆነ አስረጂ። ታሪክ ካስፈለገሽ አቋርጦ ሕመሙ ያገረሸበትን ሰው ታሪክ አምጪ፤ በእውነት የምታውቂው ከሆነ ብቻ፣ ስሙን ሳትጠሪ። ከራስሽ አትፍጠሪ። በልብ ወለድ መፍጠር መብትሽ ነው። ሰው ለጤናው በሚያነበው ጽሑፍ ግን የተፈጠረ ታሪክ ሕይወት ያስከፍላል። ደግሞም ከመለጠፍሽ በፊት የጤና ጣቢያ ባለሙያ ያንብበው።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ ፈተና ላይ አስረጂ ድርሰትን «ከዕለታት አንድ ቀን» ብዬ ብጀምርስ?

አትጀምር። ትእዛዙ «አስረዱ» ካለ አስረዳ። «ሆነ» ሌላ፣ «ይሆናል» ሌላ ብያለሁ።

አድማጭ ከአዳማ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። በቃሏ ተረት ስታወራ ያስደንቃል፤ ስትጽፍ ግን ፊደል ትዘላለች፣ ከሰሌዳ መገልበጥም ያቅታታል።

አይዞሽ፣ ሰነፍ እንዳትያት። ይሄ የድርሰት ጉዳይ አይመስለኝም። ዓይኗን አስመርምሪ፣ ከዚያ ከክፍል መምህሯ ጋር ተነጋገሩ።