ሁለት ራዲዮ፣ አንድ ሣጥን

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ስል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የቲዩብ ራዲዮ አለ፤ ከትራንዚስተር በፊት በነበሩት፣ ሲሞቁ በሚሠሩ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ።

አንደኛው አያቴ አዲስ አበባ ሲያዳምጡት የኖሩት የጀርመን ሥራ ግሩንዲግ ነው፤ በፈረንጆቹ የ1950ዎቹ ሥራ። ወደ ሜሪላንድ ሳመጣው ብቻውን አንድ ሻንጣ ፈጀብኝ። ሁለተኛዋ እዚሁ ሰፈር አንድ ሰው ደጁ ላይ አውጥቶ ሲሸጥ ያገኘኋት አሜሪካን ሠራሽ ናት። ባለ አምስት ቲዩብ፣ ሣጥኗ ባክላይት ከሚባለው የድሮ ፕላስቲክ፣ በአንድ እጅ የምትነሳ።

የግሩንዲጉ ጀርባ ላይ የቮልቴጅ መምረጫ አለ። አያቴ ቤት 220 ላይ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ያረጁ ኮንደንሰሮች ቀየርኩና 125 ላይ አድርጌ ሰካሁት። ጣቢያ በደንብ መያዙን የሚያሳየው አረንጓዴ ዓይን ቀስ ብሎ ሲበራ ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት።

ትንሿ ትራንስፎርመር የላትም። የአምስቱ ቲዩቦች ማሞቂያ እንደ ገና ዛፍ መብራት አንዱ ከአንዱ ተያይዟል። ሦስቱ 12 ቮልት፣ አንዱ 35፣ አንዱ 50፤ ድምሩ 121። ከአሜሪካ መብራት ቮልቴጅ ጋር እንዲሁ ይገጥማል። ርካሽ ያደረጋት ይሄ ነው። ግን አንዱ ከተቃጠለ አምስቱም ይጨልማሉ። የውስጥ ብረቷም ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ አደራ፣ ከፍታችሁ አትነካኩ።

ድምፁስ? ግሩንዲጉ ደረት አለው። ጀርመኖች ለድምፅ የተጨነቁበት ምክንያት አለ። በፈረንጆቹ 1950 ሥራ ላይ የዋለው የኮፐንሃገን ድልድል፣ ማለትም የአውሮፓ አገሮች የራዲዮ ሞገድ ክፍፍል፣ ጥሩ ጥሩ የመካከለኛ ሞገድ ቦታ ስላልሰጣቸው ቶሎ ወደ ኤፍ ኤም ገቡ። ኤፍ ኤም ደግሞ ጥራቱን የሚያወጣ ስፒከር ይፈልጋል። ትንሿ መካከለኛ ሞገድ ብቻ ነው የምትይዘው፤ ለንግግር ግልጽ ናት፣ ሙዚቃ ላይ ግን ትታፈናለች።

ሰው ሁሉ «የቲዩብ ድምፅ ሞቅ ይላል» ይላል። ሁለቱም ቲዩብ ናቸው እኮ! ታዲያ ለምን ተለያዩ? ነገሩ አላስተኛኝም። ትናንት ማታ ሁለቱንም ከሶኬት ነቀልኩ፤ የትንሿን የስፒከር ሽቦ ፈትቼ ከአያቴ ራዲዮ ስፒከር ጋር አገናኘሁትና እሷን ብቻ መልሼ ሰካኋት።

ያው ጣቢያ ነው። የዜና አንባቢው ግን ሌላ ሰው ሆነ፤ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሆዱ የሚያወራ። የእንጨቱን ሣጥን በመዳፌ ነካሁት፤ ይንቀጠቀጣል። ያ ሙቀት አብዛኛው ከዚህ እንጨትና ከሰፊው ስፒከር ነበር የሚመጣው።

ደግሞ አንድ ነገር ተሰማኝ። ዝቅ ያለ «እምምም»። ያ እምምታ ከድሮም ከትንሿ ጋር ነበር፤ የራሷ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ማውጣት አይችልም ነበር እንጂ።