የብጉር ጠባሳ፣ ሌዘርና የሐኪም ምርጫ፦ ለአዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜያችሁን ለቆዳ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም ቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሌዘሩን የሚተኩሰው ሐኪሙ ነው። እኔ ማደንዘዣ ክሬም እቀባለሁ፣ ፊት አቀዘቅዛለሁ፣ በማግስቱ «ፊቴ አበጠ» እያሉ ሲደውሉ ስልኩን አነሳለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከዚያ ወንበር አጠገብ የሚታየውን ነው። ማሽን ሁሉም ጋ አለ። እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ውጤቱን የሚወስነው ማሽኑን የያዘው ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን ፊታችሁ ላይ ያለው ምንድን ነው? ብጉር ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ጠባሳ አይደለም። ቆዳው ሲቆጣ ያመረተው ቀለም ነው። በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይቆያል። ጠባሳ የምንለው ቆዳው ራሱ ሲጎደጉድ ወይም ሲያብጥ ነው። መስኮት አጠገብ ቁሙና ብርሃኑ ከጎን ይምጣላችሁ። ጥላ የሚጥል ጉድጓድ ካያችሁ ጠባሳ ነው። ምንም ጥላ ከሌለ ደግሞ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ ትዕግሥትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይሆናል። ቀለም ለማስጠፋት ብሎ ለሌዘር ዕቁብ የገባ ሰው አውቃለሁ። ያሳዝናል።

ጉድጓዱም አንድ ዓይነት አይደለም። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀጭንና ጥልቅ አለ። ሰፋ ብሎ ጠርዙ የተቆረጠ የሚመስል አለ። ከሥር በጅማት መሰል ክር ተይዞ ቆዳውን ወደ ውስጥ የሚስብም አለ። ሌዘር በደንብ የሚረዳው ሰፋ ያለውንና ጥልቀቱ መካከለኛ የሆነውን ነው። ለቀጭኑና ለጥልቁ ሐኪሞች ጠንካራ አሲድ በቀጭን እንጨት ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ይነካሉ፤ ወይም ቆርጠው ያወጡታል። የተያዘውን ደግሞ በመርፌ ከሥር ይፈቱታል። እንግዲህ ፊታችሁን ሳይዳስስ፣ በብርሃን ሳያይ «አምስት ዙር ሌዘር» የሚላችሁ ሰው ምኑን አይቶ ነው?

አሁን ወደ ሌዘሩ። በብዛት የምትሰሙት ሲኦቱ ሌዘር፣ ማለትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 10,600 ናኖሜትር ነው። ይህን ብርሃን ቆዳ ውስጥ ያለው ውኃ ይመጠዋል፤ ውኃው ይሞቃል፤ ያቺ ነጥብ ትተናለች። ድሮ የፊትን የላይኛውን ቆዳ በሙሉ ነበር የሚገፉት። በ2004 እ.ኤ.አ. ፍራክሽናል የሚባለው ዘዴ ይፋ ሆነ። እሱ እንደ እንጀራ ዓይን ጥቃቅን ቀዳዳ ይሠራል፤ በመካከሉ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ይተወዋል። ጤነኛው የተጎዳውን ቶሎ ይጠግነዋል። ከሥር አዲስ ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን፣ ይሠራል። ይህ ወራት ይወስዳል። በሳምንቱ ፎቶ አንስታችሁ «ምንም የለም» አትበሉ። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብላችሁም አትጠብቁ፤ ይሻሻላል።

የቆዳችን ቀለም ጉዳይ ግን ትልቁ ነገር ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ፊትዝፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ ይዞ መከፋፈል ጀመረ። ዛሬ የምንጠቀምበት መለኪያ 6 ደረጃ አለው፤ 1 በጣም ነጩ፣ 6 በጣም ጥቁሩ ቆዳ ነው። አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ነን። እንዲህ ያለ ቆዳ ሙቀት ሲያስቆጣው ቀለም ያመርታል። ጉድጓድ ሊያስሞላ የሄደ ሰው ፊቱ በጥቁር ነጥብ ተሞልቶ ሊመለስ ይችላል። እኔ ስልክ ላይ የምሰማው ይሄን ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም ቀዳዳዎቹን የሚያራርቀው፣ ኃይሉን የሚቀንሰው፣ በዙሮቹ መካከል አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚጠብቀው። ማሽኑ ላይ ለነጭ ቆዳ የተሞላውን የኃይል ቁጥር ሳይቀይር የሚተኩስ ሰው ግን አደጋ ነው።

አይፒኤል የሚባለውን ደግሞ ከሌዘር ጋር አታምታቱት። እሱ ብዙ የሞገድ ርዝመት የተቀላቀለበት ብርሃን ነው፤ ጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ ያቃጥላል። ማይክሮኒድሊንግ በጥቃቅን መርፌ የሚሠራ ነው፤ ብርሃን የለውም፣ ቀለም የማጥቆር አደጋውም ያነሰ ነው። ሐኪሙ «ላንቺ ሌዘር ይቅር፣ በመርፌው እንጀምር» ካለሽ ማሽን ስለሌለው ነው ብለሽ አትሂጂ።

እሺ፣ ሐኪሙን እንዴት እንለየው? ሁሉም ነጭ ጋውን ይለብሳል። ቲክቶክ ላይ ሁሉም ዶክተር ነው። የምትፈልጉት የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት ነው፤ ማለትም ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ ቆዳን ለብቻው ለዓመታት የተማረ ሰው። የሙያ ፈቃዱን ለማየት አትፈሩ። የውበት ሳሎን ፈቃድ የሕክምና ፈቃድ አይደለም። ከሁሉ በላይ ይችን ጠይቁ፦ «ማሽኑን የሚይዘው ማነው?» ሐኪሙ አይቷችሁ ሲያበቃ ሌላ ክፍል ሌላ ሰው የሚተኩስባቸው ቦታዎች አሉ። ፎቶም ጠይቁ። የኮሪያ ሴት ፎቶ አይደለም፤ የናንተን ቀለም የሚመስል ሰው፣ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሳ። ትንሽ ቦታ ላይ፣ ከጆሮ በታች ለምሳሌ፣ ይሞክርላችሁ።

እሱስ ምን ይጠይቃችኋል? ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጠባሳችሁ ያብጣል ወይ፣ ኬሎይድ (ከቁስሉ ቦታ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ) አለባችሁ ወይ ብሎ ካልጠየቀ ተነሱ። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባል ክኒን ወስዳችሁ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱም መቼ መጀመር እንዳለባችሁ ይወስናል። ምችንም ይጠይቅ። አዎ፣ ምች! ያ ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ በዳማከሴ የምናሸው፣ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ሌዘር ሊቀሰቅሰውና ፊት ላይ ሊያሰራጨው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ መድኃኒት ሊሰጣችሁ ይገባል።

የምትቀቡትንም ክሬም ይዛችሁ ሂዱ። ስሙ ያልተጻፈበት፣ ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ «የሚያቀላ» ክሬም ካለም አትደብቁ። ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል፣ የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት አለበት። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፤ ራሱም ብጉር ያመጣል።

አሁንም ብጉር እየወጣባችሁ ከሆነ ደግሞ ሌዘር ይቆይ። ቤት እየነደደ ግድግዳ አይቀባም። መጀመሪያ ብጉሩ ይታከም፤ የሚቀባ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን፣ ካስፈለገ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን አለ። ለዚህ የግል ክሊኒክ ብቻ አይደለም ያለው። አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሲቋቋም ከከተማ ውጭ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ውጦታል፤ የቆዳ ሕክምናም ይሰጣል። ከኛ ሰፈር ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ።

ስለ ብር አጭር ልበል። የአንድ ዙር ዋጋ አትጠይቁ፤ የሁሉንም ዙር፣ የክሬሙንና የክትትሉን ድምር ጠይቁ። «ዛሬ ከከፈላችሁ ግማሽ ዋጋ» ከተባላችሁ ውጡ። ሰርጓ በሁለት ሳምንት የሆነች ሙሽራን «ከሰርግሽ በኋላ ነይ» ብሎ የሚመልስ ሐኪም ካገኛችሁ ግን ስልክ ቁጥሩን ያዙ።

ከሌዘር በኋላ ፀሐይ ዋናዋ ጠላት ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ይበረታል። እዚህ ሰፈር ደግሞ ታክሲ የምንጠብቅበት ዛፍ እንኳ የለም። ጥላ ያዙ፣ ኮፍያ አድርጉ፤ ቁስሉ ሲድን ሐኪሙ ያዘዘውን ሰንስክሪን ተቀቡ። ደመና ነው አትበሉ፤ ደመና ያሳልፈዋል። ቅርፊቱን በጥፍር አትንኩ።

ፊታችሁ ቢያዥ፣ ትኩሳት ቢኖራችሁ፣ ሕመሙ እየባሰ ቢሄድ ማታም ቢሆን የምትደውሉበት ቁጥር ከመተኮሱ በፊት ተቀበሉ። ቁጥር የማይሰጥ ክሊኒክ ሥራውን ገና አልጨረሰም ማለት ነው።

አሁን ጥያቄ። ፊታችሁን ማሳየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በመድረክ ላይ አላይም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ለክሬሞቹ ግን ከኋላ ጠረጴዛ አለ። ያመጣችሁትን አውጡና መለያውን አብረን እናንብብ።